የማሩን ደም መልሱልኝ

ሐመልማል ሐብተ ማርያም ሥራዋ ሰው መፈለግ ነው። ፖሊስ አይደለችም፤ ነርስም አይደለችም። ጎንደር ላይ፣ ከሆስፒታሉ ጀርባ ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ የእኛ ሐኪሞችና ከሦስት የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች የመጡ ተመራማሪዎች ተጋግዘው የሚሠሩበት የምርምር ማዕከል አለ። ካላዛርን ያጠናሉ። ካላዛር የቆላ በሽታ ነው፤ ከአሸዋ ዝንብ ንክሻ ይመጣል። ትኩሳቱ ለወራት አይለቅም፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ደም ያልቃል፣ ካልታከሙት ይገድላል። የሚይዛቸውም አብዛኞቹ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ ቆላ የሚወርዱ ጎረምሶች ናቸው። አዲስ መድኃኒት የተሞከረበት ሰው ድኖ ከወጣ በኋላ በስድስተኛው ወር ተመልሶ መታየት አለበት፤ አለዚያ መዳኑ በእርግጥ አይታወቅም። ጎረምሳ ግን አንዴ ከዳነ ምን ይመልሰዋል? ስልኩን ይለውጣል፣ ሥራ ፍለጋ ይሄዳል፣ ሚስት ያገባል። ያን ጊዜ ሐመልማል ትላካለች።

ወደዚህ ሥራ የገባችው በመጥረጊያ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በዚያው በካላዛር ክፍል የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። አንድ ቀን ከሳንጃ የመጣ ታማሚ መርፌው ሳያልቅ ጠፋ። ሐኪሞቹ ስልክ ሲደውሉ፣ ጥበቃ ሲጠይቁ ዋሉ። ሐመልማል ግን ሽርጧን ፈትታ ቀጥ ብላ ወደ መናኸሪያ ወረደችና ሰውየውን ከአውቶቡስ መጠበቂያ ጣሪያ ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ተኝቶ አገኘችው። ምን እንዳለችው አይታወቅም፤ እጁን ይዛ መለሰችው። የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ኪዳነወልድ በማግስቱ፣ «ይህችን ሴት ከመጥረጊያ አንሱልኝ» አለ። ከዚያ ወዲህ ታች አርማጭሆን፣ ደምቢያን፣ ጭልጋን በእግሯ ታውቃቸዋለች። ማን የማን አጎት እንደሆነ፣ የትኛው ቀን የየት ገበያ እንደሚቆም፣ የትኛው ጎረምሳ በየትኛዋ ልጃገረድ ምክንያት ከየትኛው መንደር እንደማይርቅ ታውቃለች። ማዕከሉ ውስጥ «ሐመልማል ያላገኘችው ሰው መሬት ውስጥ ገብቷል» ይባል ነበር። እንደ ቀልድ ነበር የሚባለው።

የሷ ነገር ግን ቀልድ አልነበረም። አባቷ መሪጌታ ሐብተ ማርያም ሁለት ልጆች ነበሯቸው፤ እሷና ታላቅ ወንድሟ ሰውአገኝ። ሰውአገኝ ድጓውን ትቶ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ ወረደ። አልተመለሰም። አባትዮው ተቀይመው ስለነበር፣ «እግሩ የወሰደው እግሩ ያመጣዋል» ብለው ሳይፈልጉት ቀሩ። እናትዮዋ በር በተንኳኳ ቁጥር እየተነሱ አረጁ። ስሙ ሰውአገኝ ነበር፤ እሱን ግን ያገኘ ሰው የለም። ሐመልማል ከብዙ ዓመት በኋላ ካላዛር ክፍሉን ስትወለውል፣ ሆዳቸው እንደ ቅል የተነፋ፣ እጅና እግራቸው የእንጨት ያህል የቀጠነ ጎረምሶች በየአልጋው ተዘርግተው ስታይ፣ ወንድሟ የት እንደቀረ ያን ጊዜ ገባት። በእጇ የያዘችውን ባልዲ አስቀምጣ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ በኋላ የጠፋ ታማሚ ሁሉ የሰው ወንድም ነው አለች፤ አትተኛለትም።

ማሩ የመጣው በኅዳር ነው። ከቆላ ድባ ከተማ ወዲያ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ከሚያስኬድ መንደር፣ በደምቢያ ሜዳ ላይ፣ አዝመራ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት አንድ ልጅ ነው። ሃያ ዓመቱ ነበር፤ ሲመዝኑት ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ክብደት ነበረው። እናቱ አልጋው ሥር ተቀምጣ ሐኪሞቹ መርፌ ይዘው በመጡ ቁጥር ትነሣና በመካከል ትቆማለች።

«ደሙን ጨረሳችሁት እኮ!» ትላለች። «ያለችውም ትንሽ ናት፤ ምነው?»

ሐመልማል ነበረች የምታባብላት። ጎኗ ቁጭ ብላ፣ የደምቢያን ሰው በደምቢያ አነጋገር፣ መድኃኒቱ አዲስ መሆኑን፣ ማሩ ካልፈለገ የድሮውን መድኃኒት እንደሚሰጡት፣ ማንም እንደማያስገድደው አስረዳቻት። አዝመራ ቃል ለቃል ሰማቻትና በመጨረሻ፣ «እኔ ሐኪሙን አላውቀውም፤ ፈረንጁንም አላውቀው። አንችን ነው ያየሁ» አለቻት።

«እኔን ይዩኝ እንግዲያ» አለች ሐመልማል። «ሲድን እኔው ራሴ ቤትዎ ድረስ አመጣልዎታለሁ።»

ማሩ እስከ ስምንተኛ ክፍል ስለተማረ የፈቃዱን ቅጽ ራሱ ማንበብ ይችል ነበር፤ ግን ዓይኑ ደክሞ ስለነበር ሐመልማል አነበበችለት። መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከሕክምናው የተረፈው ደም ለወደፊት ምርምር ይቀመጥ ወይስ ይደፋ የሚል ጥያቄ ነበር።

«ስንት ዓመት ነው የሚቀመጥ እትየ?»

«አሥራ አምስት ዓመት ይላል።»

«እኔ እንኳ አንድ ቦታ አሥራ አምስት ቀን ተቀምጨ አላውቅ!» ብሎ በዚያ በደረቀ ከንፈሩ ሳቀ። «ይቀመጥ። ለኔ ምን ይሠራልኛል? ለሌላው ይሁን።» ብዕሩን ተቀብሎ ፈረመ።

ዳነ። የጣፊያው እብጠት ወረደ፣ ትኩሳቱ ጠፋ፣ በሁለተኛው ሳምንት የክፍሉን ምግብ ጨርሶ የጎረቤቱን መጠየቅ ጀመረ። በታኅሣሥ አጋማሽ ሐመልማል እንዳለችው በማዕከሉ ማኪና ይዛው ወረደች። መንገዱ ያለቀበት ላይ ወርደው በእግር ሄዱ። መንደሩ በእልልታ ተቀበለው። አዝመራ ልጇን ትታ መጀመሪያ የሐመልማልን ጉልበት ልትስም አጎነበሰች፤ ሐመልማል ብድግ አደረገቻት። ስትመለስ አንድ እቅፍ የሽምብራ እሸት አሸከሟት። ጎንደር እስክትገባ ድረስ እየፈለፈለች በላች፤ እንዲያ ደስ ብሏት አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ማሩ በየሁለት ሳምንቱ ይደውልላት ነበር። የሚያወራው ቁም ነገር የለውም። በሬው ወለም አለው፤ የጓደኛው ሠርግ ላይ ጨፈረ፤ እናቱ ሰላም ብላታለች። ሐመልማል ልጅ አልወለደችም። ማራኪ ሰፈር ተከራይታ በምትኖርባት አንዲት ክፍል ውስጥ ስልኳ ሲጮህና የሱ ስም ሲወጣ፣ ሳታነሣው በፊት ፈገግ ትል ነበር።

በግንቦት፣ አንድ ዓርብ ቀን፣ ሌላ የጠፋ ታማሚ ፍለጋ ሳንጃ ወርዳ ሳለች ደወለ። ገበያው መካከል ነበረች፤ ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

«እትየ፣ ማታ ማታ ይሞቀኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አራት አምስት ቀን ይሆነኛል። ብርድ ይሆናል እንጅ...»

«ብርድም ይሁን ወባ፣ ና! እስከ ሰኞ ና። ሰማኸኝ ማሩ? እኔም ሰኞ ጧት እደውልልሃለሁ።»

«እሽ፣ ሰኞ ደውይልኝ» ሲል ሰማችው፤ መሥመሩ ተቋረጠ።

እሑድ ጎንደር ገባች። ሰኞ ከውጭ አገሮቹ ዩኒቨርሲቲዎች እንግዶች መጥተው ማዕከሉ ግርግር ላይ ዋለ፤ እሷንም ስለ ሥራዋ ተናገሪ ብለው አቆሟት። ስንት ሰው ፈልጋ እንዳገኘች ስትናገር አጨበጨቡላት። ማክሰኞ መዝገብ ሲመረመር ዋለ። ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ጉርሻው እጇ ላይ እንዳለ፣ ማሩ ትዝ አላት። እጇን ሳትታጠብ ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው። የጎረቤቱን ስልክ ሞከረች።

«ማሩማ ትናንት ከነአያ ታከለ ጋር ወደ ቆላ ወረደ» አላት ጎረቤትዮው። «ለሥራ። ሰኞ ስልክ ሲጠብቅ ነበር ሲሉ ሰማሁ።»

ለዶክተር ኪዳነወልድ ነገረችው። እሱም በቆላ ላሉት ጤና ጣቢያዎች መልእክት ላከ። በየእርሻው ካምፕ ተጠየቀ፤ ማሩ ከእርሻ እርሻ እየተዘዋወረ ነው፣ ትናንት እዚህ ነበር፣ ዛሬ የለም፣ የሚል መልስ ብቻ መጣ። በሰኔ ስድስተኛው ወር ሞላ። በዚያው ሰሞን ተኩስ ተነሥቶ ከጎንደር የሚያስወጡት መንገዶች ተዘጉ፤ ስልክም በየገጠሩ ጠፋ። ሐመልማል በየቀኑ ጧት መናኸሪያ እየወረደች ትጠይቃለች። «ቆላ ድባ አለ?» «የለም እቴ።» እንዲያ እያለች ሐምሌን ጨረሰችው።

መንገዱ የተከፈተው በነሐሴ ማገባደጃ፣ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄደች። የደምቢያ ሜዳ በውኃ ተኝቷል፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይይዛል። ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር መንደሩ የደረሰችው። ከአዝመራ ቤት ፊት ለፊት ቆማ «ቤቶች!» ልትል አፏን ስትከፍት፣ አዝመራ ጠጉሯን ተላጭታ፣ ከል ለብሳ፣ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አየቻት።

አፏ እንደተከፈተ ቀረ። አዝመራም አላለቀሰችም። ሰው ከሩቅ አገር ዘግይቶ ለመጣ እንግዳ እንደሚነግር፣ በቀስታ ነገረቻት።

«ሐምሌ አምስት ቀን ሁለት ሰው ደግፎ አመጣልኝ። ሆዱ እንደ በፊቱ ሆኖ ነበር። ካፍንጫው ደም ይወርዳል። ‹እማ፣ እትየ ሐመልማል ጋ ውሰዱኝ› አለኝ። በቃሬዛ ተሸክመን ቆላ ድባ አደረስነው። ማኪና የለም። ጤና ጣቢያ አስገባነው። ልጆቹ ሸጋ ልጆች ናቸው፤ ያላቸውን ሁሉ ሰጡት። ‹ደም ያስፈልገዋል፤ ደም ደግሞ እዚህ የለም፤ ጎንደር ነው ያለው› አሉኝ። ሰባት ቀን መንገድ ስጠብቅ ቆየሁ። በሰባተኛው ቀን ጧት ሐምሌ አሥራ ሁለት፣ እጄ ላይ ወጣ።»

ሐመልማል ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ስታለቅስ አዝመራ አየቻትና ጠየቀቻት።

«አንችየ፣ የማሩ ደም እናንተ ጋ አለ አይደል? ያን ጊዜ የቀዳችሁት?»

«አለ።»

«ጎንደር ነው ያለ?»

«አዎ... ጎንደር።»

«እንግዲያ መልሱልኝ» አለች አዝመራ። «ልጄ ደም አጥቶ ሲሞት ደሙ ጎንደር ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ሲያስፈልገው አልሆነውም። አሁን መልሱልኝና ከጎኑ ልቅበረው። ጎደሎ ሆኖ አይቅር።»

ያ ደም ሁለት ጣት የማይሞሉ ትናንሽ ብልቃጦች መሆኑን፣ ቢመጣም ሰው እንደማያድን ሐመልማል ታውቃለች። ለማስረዳት ጀምራ ተወችው። «እጠይቃለሁ» ብቻ አለች። «ማርያምን፣ እጠይቃለሁ።»

ጠየቀችም። ዶክተር ኪዳነወልድ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ሐመልማል፣ በኔ ሥልጣን ቢሆን ዛሬ በእጅሽ እሰጥሽ ነበር። ግን በሽታው ያለበት ደም ነው፤ ከላቦራቶሪ አይወጣም። ከብልቃጦቹ ሁለቱ ደግሞ በትብብሩ ስምምነት መሠረት ወደ ውጭ አገር ሄደዋል።»

«የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴው ይየው እንግዲያ» አለች።

ኮሚቴው አየው። ሦስት ሳምንት ፈጀ። መልሱም፣ ሟቹ በሕይወት ሳለ ራሱ አንብቦ የፈረመውን ፈቃድ ቤተሰብ ሊሽረው አይችልም፣ የሚል ሆነ። ሐመልማል ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ማሩ አላነበበውም፤ ያነበበችለት እሷ ናት። ዛሬ እሄዳለሁ ነገ እሄዳለሁ እያለች፣ መስቀል አለፈ።

አዝመራ ራሷ መጣች። አንድ ማክሰኞ ጧት የግቢው በር ላይ ጥበቃዎቹ አንዲት ከል የለበሰች የገጠር ሴት እየፈለገቻት መሆኑን ነገሯት። ሐመልማል ሮጣ ወጣች። ጉልበቷን ልትስም ብታጎነብስ አዝመራ ወደ ኋላ አለች።

«ስትቀሪብኝ ጊዜ፣ እንቢ እንዳሉሽ ገባኝ» አለቻት። «ላየው እንኳ ይፈቅዱልኛል?»

ዶክተር ኪዳነወልድ ፈቀደ። የላቦራቶሪው ባለሙያ ወለላ የምትባል ጥንቁቅ ልጅ ናት፤ ያለ ጓንት የበር እጀታ እንኳ አትነካም። አዝመራን በከሉ ላይ ነጭ ካፖርት አለበሰቻትና ከሐመልማል ጋር ወደ ማቀዝቀዣዎቹ ክፍል አስገባቻት። ከሰው ቁመት የሚበልጥ ማቀዝቀዣ ከፈተች። ውስጡ በአመዳይ የተለበጠ መደርደሪያ ነው፤ ብርዱ ከሩቅ ፊት ይገርፋል። ወለላ በወፍራም ጓንት አንዲት ሣጥን ሳብ አድርጋ፣ ከመቶ ብልቃጦች መካከል እዚህ የቀሩትን ሁለቱን የማሩን ብልቃጦች በጣቷ አመለከተቻት።

አዝመራ ጠጋ ብላ አየች።

«ይኸ ሁሉ የሰው ነው?»

«አዎ እናቴ።»

«ልጄ እኮ ብርድ አይችልም ነበር» አለች ቀስ ብላ። ቀጥላም፣ «ስሙስ የታል?»

«ስም አይጻፍበትም እናቴ» አለች ወለላ። «ደንቡ ነው፤ የማን መሆኑን የሚያጠኑት ሰዎች እንዳያውቁ በቁጥር ነው የሚቀመጠው።»

«የማን መሆኑን ሳያውቁ?» አዝመራ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ተመለከተች። «ክርስትና ስሙ ኃይለ ሚካኤል ነው። ማሩ ያልሁት እኔ ነኝ፤ ሲወለድ ማር የተቆረጠበት ሰሞን ነበር። ለሚሠሩበት ሁሉ እንዲህ ብላችሁ ንገሯቸው።»

ወለላ ሐመልማልን አየቻት። መናገር እንደማትችል ሁለቱም ያውቃሉ። የማቀዝቀዣው ማስጠንቀቂያ መጮህ ጀመረ፤ በሩ ተከፍቶ ብዙ ቆይቷል። «እሺ እናቴ» አለች ወለላ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ በሩን እየዘጋች።

ወጥተው ከግቢው ጽድ ሥር ካለ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሐመልማል ማሩ ሲፈርም ያለውን ነገረቻት፤ ስለ አሥራ አምስት ቀኑ እንዴት እንደሳቀ፣ «ለሌላው ይሁን» እንዳለ። አዝመራ ሳቁን ስትሰማ ፊቷ ለአንድ አፍታ በራ።

«እንዲያ ነው፤ እሱ እንዲያ ነበር» አለች። ከዚያ ፊቷ ጨለመ። «ለሌላው... ለእሱስ?»

ሐመልማል ከዚህ በኋላ መያዝ አልቻለችም። ለማንም ያልተናገረችውን ተናገረች። «በግንቦት ደውሎልኝ ነበር። ትኩሳት እንደያዘው ነገረኝ። ሰኞ እደውልልሃለሁ አልሁት። እንግዶች መጥተው ነበር፤ ረሳሁት። ረቡዕ ስደውል ሄዷል። ሰኞ ብደውል ኖሮ አገኘው ነበር። ያን ቀን እናቴ፣ እኔ እዚህ ቆሜ ይጨበጨብልኝ ነበር።»

ነጭ ካፖርት የለበሱ ተማሪዎች እየተጫወቱ በፊታቸው አለፉ። ሐመልማል ስድቡን ጠበቀች፤ እርግማኑንም ጠበቀች። ቢመጣ በወደደች።

«ሰኞ ቀኑን ሙሉ ስልኩን በእጁ ይዞት ዋለ» አለች አዝመራ በመጨረሻ። «ኔትወርክ አለ ወደሚሉት ጉብታ ወጥቶ ተቀመጠ። ሲመሽ ወረደ። ‹ቢከፋ ኖሮ ትደውልልኝ ነበር፤ ደኅና ነኝ ማለት ነው› አለኝ። እኔም ደስ አለኝ። ዳቦ ቆሎውን የጋገርሁለት፣ ስንቁን የቋጠርሁለት እኔ ነኝ። እኔም አትሂድ አላልሁትም።»

ሐመልማል እስከ መናኸሪያ ሸኘቻት። ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ ከመስኮቱ አጠገብ ቆመች። ውኃና ዳቦ ገዝታ ስትሰጣት አዝመራ ተቀበለቻት። ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲል እጇን በመስኮት አውጥታ የሐመልማልን እጅ ያዘች።

«እህቴ፣ አልረግምሽም። ካንች ይልቅ የበደልሁት እኔ ነኝ። ግን ሁለተኛ ወደ ቤቴ አትምጭ። አንችን ከሩቅ ባየሁሽ ቁጥር፣ እንዳምናው ይዘሽው የመጣሽ ይመስለኛል።»

ሐመልማል ራሷን ነቅነቅ አድርጋ እሺ አለች። ሚኒባሱ ወደ አዘዞ አቅጣጫ ሄደ።

ሥራዋን አልተወችም። ዶክተር ኪዳነወልድ መዝገብ ቤት ላስገባሽ ቢላት እንቢ አለች። አሁንም ትፈልጋለች፤ አሁንም ታገኛለች። ከአዝመራ መንደር አልፎ፣ ወደ ሐይቁ ዳር፣ ካላዛር ታክሞ የወጣ አንድ ልጅ አለ፤ በየወሩ ታየዋለች። አቋራጩ በአዝመራ ደጃፍ ያልፋል። ሐመልማል ግን ከመንደሩ ሳትደርስ ከመንገዱ ትገነጠልና፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ በወንዙ ዳር በኩል አንድ ሰዓት ሙሉ ዞራ ትሄዳለች።